ጣናን አትውቀሱት፤ ኮቴውን እዩ

ባሕር ዳር ላይ ወባ በበረታ ቁጥር ጣት የሚቀሰረው ወደ ሐይቁ ነው። ባለፈው ጥቅምት አንዲት ጎረቤታችን ልጃቸው በትኩሳት ወድቆባቸው ልጠይቃቸው ሄጄ ነበር። ገና ሳልቀመጥ «ይኼ ጣና እኮ ነው ልጄ! ሌሊቱን ሙሉ ሲፈለፍልብን ያድራል» አሉኝ። እማማ አንድ ነገር ልክ ናቸው። ቢንቢ ያለ ውሃ አትራባም። እኔን ያሳሰበኝ ግን ሌላ ውሃ ነው። ከበራቸው እስከ ዋናው መንገድ ባለው ኮረኮንች ላይ አሸዋ የጫነ ገልባጭ ያለፈበት ሁለት ረጅም ጉድባ ነበር። ዝናቡ ካቆመ ሳምንት አልፎታል፤ ጉድባው ግን ውሃውን እንደያዘ ነው። ጎንበስ ብዬ ሳየው ላዩ ላይ ቀጫጭን ነገሮች ተኝተዋል። ጥላዬ ሲያርፍባቸው እየተጠማዘዙ ወደ ታች ሰመጡ።

የቢንቢ እጮች ነበሩ። ልጁ ከተኛበት አልጋ ሃያ እርምጃ አይርቁም።

የዓለም ጤና ድርጅት ባወጣው ቁጥር መሠረት እ.ኤ.አ. በ2024 ከጥር መባቻ እስከ ጥቅምት 20 ብቻ በኢትዮጵያ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ ሰው በወባ ታሟል። 1,157 ሰው ሞቷል። በታማሚ ብዛት ከኦሮሚያ ቀጥሎ ያለው የእኛው አማራ ክልል ነበር። ስለ አጎበርና ስለ ርጭት ብዙ ሰምተናል። ቢንቢ እንቁላሏን የት እንደምትጥል ግን አብዛኞቻችን የምናውቀው በስማ በለው ነው። ቦታውን ካላወቅን ደግሞ ስንለፋ እንውላለን እንጂ አንደርስባትም።

ቢንቢ ያለ ውሃ ለምን አትራባም?

የምትነክሰን ሴቷ ብቻ ነች። ወንዱም ሴቷም ለራሳቸው ጉልበት የሚያገኙት ከአበባና ከተክል ጣፋጭ ፈሳሽ ነው። ሴቷ ደም የምትፈልገው እንቁላሏን ለማሳደግ ነው። ደም ጠጥታ ሁለት ሦስት ቀን ጥላ ያለበት ቦታ ታርፋለች። ደሙ ሲፈጭ እንቁላሉ ይደርሳል። ከዚያ ሌሊት ወጥታ ውሃ ፍለጋ ትበራለች። ወባ የምታስተላልፈው ቢንቢ በአንድ ጊዜ ከ50 እስከ 200 እንቁላል ትጥላለች። ጥላ ስትጨርስ እንደገና ደም ፍለጋ ትመጣለች።

እንቁላሉ በሁለት ሦስት ቀን ይፈለፈላል፤ ብርድ ከሆነ ይዘገያል። ከውስጡ የሚወጣው እጭ ይባላል። እጭ ማለት ክንፍም እግርም የሌለው፣ ትል የመሰለ፣ ውሃ ውስጥ የሚያድግ የቢንቢ ልጅ ነው። ውሃ ውስጥ ይኑር እንጂ የሚተነፍሰው እንደኛ አየር ነው። ስለዚህ በየጊዜው ወደ ላይ ብቅ ማለት አለበት። ይህችን ነገር ያዙልኝ፤ በኋላ ትጠቅመናለች። እጩ እየበላ ያድግና መብላት ያቆማል። ጎበጥ ብሎ ሁለት ሦስት ቀን ይቆያል። በዚያ ጊዜ ክንፉና እግሩ ይሠራል። በመጨረሻ ቆዳው ከጀርባው ይሰነጠቅና ቢንቢዋ ትወጣለች። ውሃው ላይ ቆማ ክንፏን ታደርቃለች። ከዚያ ትበራለች።

ከእንቁላል እስከ መብረር ያለው ጊዜ እንደ ሙቀቱ ይለያያል። ውሃው ሲሞቅ አንድ ሳምንት ገደማ፣ ሲቀዘቅዝ ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ይፈጃል። እንግዲህ ቢንቢ የምትፈልገው ውሃ ብዙ መሆን የለበትም። ልጆቿ ክንፍ እስኪያወጡ ሳይደርቅ ከቆየላት ይበቃታል።

ታዲያ ጣና ላይ አትጥልም?

መሐሉ ላይ አትጥልም። ጣና ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ስፋት አለው። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሳ ታንኳ ላይ ያለ ሰው እንኳን ወደ ዳር መቅዘፍ ይጀምራል። የወባ ቢንቢ እንቁላል ግማሽ ሚሊ ሜትር ቢደርስ ነው። እጩም ለመተንፈስ ውሃው ላይ ጸጥ ብሎ መተኛት አለበት። ማዕበል ከመታው ይገለበጣል፤ አየር ያጣል። ከማዕበሉ ቢተርፍ ዓሣው አለ። የቀረሶና የሌሎች ዓሦች ጫጩቶች እጭ ካገኙ አይምሩም። ሐይቁ መሐል እንቁላል መጣል ሕፃን ልጅን መናኸሪያ መሐል አስተኝቶ እንደመሄድ ነው።

ነገሩ የሚቀየረው ዳር ዳሩ ላይ ነው። ጣና ሞልቶ የሚደርሰው በመስከረምና በጥቅምት ነው። ከዚያ እስከ ሰኔ ድረስ ቀስ እያለ ይሸሻል። የዳሩ ገበሬ ውሃው ለቆ የሄደውን መሬት «ባሕር ሸሽ» ይለዋል። እርጥበቱ ሳይጠፋ ይዘራበታል። ከብቱም ለውሃና ለሣር የሚወርደው ወደዚያው ነው። እርጥብ ጭቃ ላይ አንድ በሬ ሲያልፍ በየእርምጃው አንድ ሲኒ የሚያህል ጉድጓድ ትቶ ይሄዳል። ከስር ውሃ ይሰርግበታል። ማዕበል አይደርስበትም። ዓሣ የለበትም። አንድ መንጋ ካለፈ ደግሞ ሲኒው በመቶ የሚቆጠር ነው። ስለዚህ ጣናን እንውቀስ ካልን ልንወቅስ የምንችለው ሲሸሽ ትቶት በሚሄደው ትንንሽ ውሃ ነው።

ፎገራና ደንቢያም ታሪኩ ተመሳሳይ ነው። ርብና ጉማራ በክረምት ሞልተው የፎገራን ሜዳ ያጥለቀልቁታል። ጎርፉ ሲጎድል በየዝቅታው ኩሬ ይቀራል። የሩዝ ማሳም አለ። ሩዙ ገና አጭር ሳለ፣ ፀሐይ ውሃውን በደንብ በምታገኝበት ጊዜ፣ ለዚህች ቢንቢ ይመቻታል። ሩዙ አድጎ ውሃውን ሲያጠላው እየተወችው ትሄዳለች።

ይህን የሚያህል ውሃ እያለ የላም ኮቴ ለምን?

በአገራችን ወባን በዋናነት የምታስተላልፈው አኖፌለስ አራቢየንሲስ የምትባል ዝርያ ነች። አኖፌለስ ወባ የሚያስተላልፉት ቢንቢዎች የወል ስም ነው። ከሌሎች የቢንቢ ወገኖች ወባን ወደ ሰው የሚያስተላልፍ የለም። አራቢየንሲስ የምትመርጠው ትንሽ፣ ጥልቀት የሌለው፣ ፀሐይ በቀጥታ የሚያርፍበት ውሃ ነው። ቢደፈርስ ግድ የላትም።

ምርጫዋ ሞኝነት ሊመስል ይችላል። ሲኒ የሚያህል ውሃ ነገ ሊደርቅ ይችላልና። ግን አስቡት። ትንሽ ውሃ በፀሐይ ቶሎ ይሞቃል፤ ሲሞቅ እጩ ቶሎ ያድጋል። ፀሐይ ባለበት ውሃ ደግሞ በዓይን የማይታይ አረንጓዴ ነገር ይበቅላል። የእጩ ቀለብ እሱ ነው። ከሁሉም የሚበልጠው ግን ጠላት አለመኖሩ ነው። በቆየ ኩሬ ውስጥ እጭ የሚበሉ የውሃ ነፍሳት፣ የውኃ እናት ልጆች፣ ዓሦች አሉ። ትናንት በተፈጠረ ጉድጓድ ውስጥ ግን ገና ማንም አልደረሰም። አዲስ ተሠርቶ አይጥ ያልገባበት ጎተራ እንደማለት ነው። የእሷ ስሌት ጠላት ሳይመጣና ውሃው ሳይደርቅ ልጆቿ በረው እንዲወጡ ነው። አንዳንዱ ይደርቅባታል። አንዱ ከተሳካላት ይበቃታል።

ሌላም ነገር አለ። አራቢየንሲስ የሰው ደም ብቻ አትልም፤ የከብትም ትጠጣለች። ከብት ባለበት ደሙም አለ፣ ኮቴውም አለ። ከላሟ ጠጥታ በላሟ ኮቴ ውስጥ ልትጥል ትችላለች። እኛ በመሐል ስንገኝ ደግሞ ወባው ወደኛ ይመጣል።

ከተማ ውስጥ ኮቴውን የሚተካው ሥራችን ነው። ጭቃ ቤት ለመሥራት አፈር የተቆፈረበት ጉድጓድ፣ ለመሠረት ተቆፍሮ ብሎኬት የሚጠብቅ ቦይ፣ የመኪና ጎማ ያረሰው መንገድ፣ ከቦኖ ስር የሚንጠባጠበው ውሃ የሚተኛበት ዝቅታ። ወደ መራዊ ሲኬድ ደግሞ የቆጋ መስኖ አለ። የመስኖ ቦይ መሐሉ ላይ ውሃው ስለሚፈስ ለቢንቢ አይመችም። ከቦዩ ተርፎ ማሳ ዳር የሚተኛው ውሃ ግን በበጋም እንድትራባ ያደርጋታል።

ይህ ግምት ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመ በትግራይ የተካሄደ ጥናት ነበር፤ ከመሪ ተመራማሪዎቹ አንዱ አሁን የዓለም ጤና ድርጅትን የሚመሩት ዶክተር ቴድሮስ አድሃኖም ናቸው። ጥናቱ በትንንሽ ግድቦች አቅራቢያ የሚኖሩ ልጆችን ርቀው ከሚኖሩት ጋር አነጻጸረ። በቅርብ ያሉት በወባ የመያዛቸው መጠን ሰባት እጥፍ ነበር። ግድቡ ለእርሻ ያስፈልጋል፤ ማንም አፍርሱት አላለም። ሰዉ ማወቅ ያለበት ከግድቡ ጋር ምን አብሮ እንደሚመጣ ነው።

ወባ ዝናቡ ሲበረታ ሳይሆን ሲወጣ የሚብሰው ለምንድን ነው?

ሐምሌና ነሐሴ ላይ ዝናቡ ኮቴውንም ጉድባውንም እያጠበ ያልፋል። እጩ ከነውሃው በጎርፍ ይወሰዳል። ሰማዩ ሲከፈት ግን ውሃው አለ፣ ፀሐይም አለች፣ የሚያጥበው ዝናብ ግን ቀንሷል። ለዚህ ነው ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ያለው ጊዜ ዋናው የወባ ወቅት የሆነው። የበልግ ዝናብ ካለፈ በኋላም አነስ ብሎ ይነሳል።

እሸት በቆሎ ወባ ያመጣል የሚባለውስ?

ይህን ሳንሰማ ያደግን ጥቂቶች ነን። «እሸት አታብዙ፣ ወባ ይቀሰቅስባችኋል።» ለሸንኮራም እንዲሁ ይባላል። ወባ የሚመጣው በዓይን በማይታይ ጥገኛ ተህዋስ ነው። ይህ ተህዋስ ወደ ሰውነታችን የሚገባው በቢንቢ ንክሻ እንጂ በምግብ አይደለም። ሮናልድ ሮስ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም ሕንድ አገር ሳለ እ.ኤ.አ. በ1897 ተህዋሱን በአኖፌለስ ቢንቢ ሆድ ውስጥ አገኘው። ከዚያ በፊት ፈረንጆቹም መንስኤው ከረግረግ የሚነሳ መጥፎ አየር ነው ይሉ ነበር። «ማላሪያ» የሚለው ቃል ራሱ ከጣሊያንኛ የመጣ ሲሆን ትርጉሙ መጥፎ አየር ማለት ነው። እኛ በቆሎውን ጠረጠርን፤ እነሱ አየሩን።

እሸት መብላት ወባ አያመጣም። ግን ስለ በቆሎው ያለው ነገር በዚህ አያልቅም፤ እኔ ከዚህ ሁሉ ጉዳይ በጣም የምወደውም ይህንን ነው።

በቆሎ ሲያብብ አናቱ ላይ ካለው አበባ ቢጫ ብናኝ ይረግፋል። ብናኙ በነፋስ እየተነሳ አጠገቡ ባለው ኩሬና ኮቴ ላይ ያርፋል። የእኛ አገርና የአሜሪካ ተመራማሪዎች አብረው ይህንን ተከታትለውታል። ብናኙን የበሉ የአራቢየንሲስ እጮች ቶሎ አደጉ፤ ብዙዎቹም ሞት ሳያገኛቸው ክንፍ አውጥተው በረሩ፤ ቢንቢዎቹም ተለቅ ያሉ ሆኑ። ከዚያ እዚሁ ጎጃም፣ ቡሬ ወረዳ ውስጥ፣ በቆሎ በብዛት የሚዘራባቸውን አካባቢዎች በጥቂቱ ከሚዘራባቸው ጋር አነጻጸሩ። በቆሎ በበዛበት ወባውም በብዙ እጥፍ በዝቶ ተገኘ።

ተለቅ ያለች ቢንቢ ብዙ ቀን የመኖር ዕድል አላት። ይህ ደግሞ ትልቅ ነገር ነው። ተህዋሱ ቢንቢዋ ሆድ ውስጥ ገብቶ ወደ ሌላ ሰው ለመተላለፍ እስኪዘጋጅ አሥር ቀንና ከዚያ በላይ ይፈልጋል። ቶሎ የምትሞት ቢንቢ የታመመ ሰው ብትነክስ እንኳን ለሌላው ሳታደርስ ታልፋለች። በደንብ በልታ ያደገችው ግን ታደርሳለች።

ስለዚህ አባቶቻችንና እናቶቻችን ያዩት ነገር ነበር። እሸት በሚደርስበት ሰሞን ወባ ይነሳል፤ በቆሎ በበዛበትም ወባ ይበዛል። ልክ ነው። የሳቱት መንገዱን ነው። በቆሎውን የሚበላው እጩ ነው፤ እኛን የምትነክሰው እሱ አድጎ የሆናት ቢንቢ። ባሕር ዳር ውስጥ በቆሎ ያልተተከለበት ግቢ ማግኘት ይከብዳል። መትከሉን መተው የለብንም። ከበቆሎው ስርና ዙሪያ ውሃ የሚያቁር ጉድጓድ እንዳይኖር ማድረግ ግን ከማንም ግቢ የማይበልጥ ሥራ ነው።

ሽንት ቤትና የሸተተ ቦይስ?

እዚህ ላይ ብዙ ጉልበት በከንቱ ይባክናል። ወባ በተነሳ ቁጥር የምንሮጠው ወደ ጠቆረውና ወደሚሸተው ቦይ ነው። እዚያም ቢንቢ አለች፤ ማታ ማታ ጆሮ ስር እየዘመረች እንቅልፍ የምትነሳን ብዙውን ጊዜ እሷ ነች። ስሟ ኩሌክስ ነው። እንቁላሏን አንድ ላይ አጣብቃ እንደ ትንሽ ታንኳ ውሃው ላይ ታንሳፍፈዋለች። ቆሻሻ ውሃ፣ ሽንት ቤት፣ ክዳኑ የተሰበረ የፍሳሽ ጉድጓድ ይስማማታል። ሌላ በሽታ የምታስተላልፍባቸው አገሮች አሉ፤ ወባን ግን አታስተላልፍም። ቦዩን ማጽዳት ጥሩ ነው፤ ለብዙ ሌላ ነገር ይጠቅማል። ነገር ግን ቦዩን አጽድተን በሩ ላይ ያለውን ንጹሕ የዝናብ ውሃ ከተውነው ወባው አልተነካም።

ሁለቱን መለየት ከባድ አይደለም። ግድግዳ ላይ ስታርፍ እዩዋት። አኖፌለስ ጭንቅላቷን ዝቅ፣ ቂጧን ከፍ አድርጋ እንደተመታ ምስማር ዘንበል ትላለች። ኩሌክስ ከግድግዳው ጋር ልክ ሆና ትተኛለች። ውሃ ውስጥ ያሉት እጮች ደግሞ ተቃራኒ ናቸው። የአኖፌለስ እጭ ውሃው ላይ ጠፍጣፋ ሆኖ ይተኛል። የኩሌክስ እጭ ጅራቱ ላይ ባለው የመተንፈሻ ቱቦ ተሰቅሎ ዘቅዝቆ ይንጠለጠላል።

እንቦጩና ደንገሉስ?

እንቦጭ ጣና ላይ በይፋ ከታወቀ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ነው። ወባንም እሱ አመጣው የሚሉ አሉ። ቅጠሉ ራሱ ቢንቢ አይፈለፍልም። ሐይቁን ሲሸፍን ግን ማዕበሉን ያበርዳል፤ ዓሣውም እንደልቡ አይገባበትም። በቅጠሎቹ መሐል የሚቀረው ጸጥ ያለ ውሃ ለእጭ መጠለያ ይሆናል። ሥሩን ወግተው ከተክሉ ውስጥ አየር የሚስቡ የቢንቢ ዓይነቶችም በዓለም ላይ አሉ፤ እነሱ ግን ወባ አያስተላልፉም። ጥቅጥቅ ብሎ ሲያጠላው ደግሞ ፀሐይ ወዳዷ አራቢየንሲስ አትመርጠውም። እንቦጭን የምንዋጋባቸው በቂ ምክንያቶች አሉን። ወባን ግን እሱ ላይ ብቻ ከጫንን በራችን ላይ ያለውን ውሃ እንረሳለን።

ስለ ደንገል ግን ጠንከር ብዬ ልናገር። «ረግረግ ስለሆነ ይመንጠር» የሚል ሐሳብ እሰማለሁ። በደቡብ ምዕራብ ኡጋንዳ ደጋማ ሸለቆዎች የተጠና ነገር አለ። ያልተነካ የደንገል ረግረግ አጠገብ ያሉ መንደሮች ተመንጥሮ ከታረሰ ረግረግ አጠገብ ካሉት ያነሰ የወባ ቢንቢ ነበራቸው። ደንገሉ ውሃውን ያጠላዋል፣ ያቀዘቅዘዋል። ሲመነጠር ፀሐይ ትገባለች፣ ውሃው ይሞቃል፣ ቢንቢዋ ትመጣለች። ታንኳ የሚሠራበትን ደንገል በወባ ስም ከማጥፋት በፊት ይህ ይታሰብበት።

በርሜል፣ ሮቶና ያረጀ ጎማ ምን ያመጣሉ?

ሁለት ነገር። አንደኛዋ ኤደስ የምትባለው፣ እግሯ ጥቁርና ነጭ ዥንጉርጉር የሆነችው፣ ቀን የምትነክሰው ቢንቢ ነች። ደንጊ የሚባለው የትኩሳት በሽታና ቢጫ ወባ የእሷ ናቸው፤ ቢጫ ወባ ስሙ ቢመሳሰልም ከወባ ጋር ዝምድና የለውም። ደንጊ ድሬዳዋ ላይ እ.ኤ.አ. በ2013 ወረርሽኝ ሆኖ ነበር። ኤደስ እንቁላሏን የምትለጥፈው ከውሃው ከፍ ብሎ ባለው እርጥብ ግድግዳ ላይ ነው። እንቁላሉ ቢደርቅ አይሞትም። ወራት ጠብቆ ውሃ ሲነካው ይፈለፈላል። ለዚህ ነው በርሜሉን መድፋት ብቻ የማይበቃው። ውስጡን በብሩሽ ወይም በሽቦ ፈትጎ ማጠብ ያስፈልጋል። ጎሚስታ ቤት ደጃፍ የተቆለለው ጎማም ዝናብ ከያዘ ያው ነው።

ሁለተኛዋ የበለጠ ታስፈራኛለች። አኖፌለስ ስቴፈንሲ ትባላለች፤ የወባ ቢንቢ ነች፤ አመጣጧ ከእስያ ነው። አገራችን ውስጥ መጀመሪያ የተገኘችው ቀብሪ ደሃር ላይ እ.ኤ.አ. በ2016 ነው። በ2022 ድሬዳዋ በደረቅ ወቅት ወባ ሲነሳባት ምክንያቱ ከእሷ ጋር ተያይዟል። ይህች ኮቴ አትጠብቅም። ክዳን የሌለው በርሜል፣ ገንዳና የግንባታ ውሃ ማጠራቀሚያ ውስጥ ትጥላለች፤ ስለዚህ ዝናብም አያስፈልጋትም። ውሃ በፈረቃ የሚመጣበት ከተማ ሁሉ ውሃ ያጠራቅማል። የሮቶውን ክዳን መግጠም ዛሬውኑ የሚሠራ ነገር ነው።

ሣር ውስጥስ? ደጋስ ከሆንን?

ሣርና ቁጥቋጦ ውስጥ ቢንቢ ታርፋለች እንጂ አትጥልም። እንቁላሉ ውሃ ካላገኘ ከንቱ ነው። ቆሻሻ ክምር ላይም እንዲሁ፤ የሚያሰጋው በውስጡ ያለው ውሃ የያዘ ጣሳና ፌስታል ነው።

ከፍታውን በተመለከተ ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። «ወይና ደጋ ነን» ብሎ መዘናጋት አያዋጣም። እ.ኤ.አ. በ1958 በተነሳው ወረርሽኝ ሦስት ሚሊዮን ያህል ሰው እንደታመመና 150,000 ያህል እንደሞተ ይገመታል። የተጎዳውም በዋናነት ከ1,600 እስከ 2,150 ሜትር ከፍታ ላይ ያለው ሕዝብ ነበር። ወባ ስለማይለምደው ሰውነቱ መከላከያ አልነበረውም።

እንግዲህ ከየት ልጀምር?

በመስከረም ያለውን ኮቴ ሁሉ መድፈን አይቻልም። ማንም አይችልም። በዚያ ወቅት የሚያድነን አጎበር፣ ርጭትና ትኩሳት ሲጀምር ሳይዘገዩ ደም መመርመር ነው። ውሃውን ማጥፋት የሚያዋጣው ቦታዎቹ ጥቂት፣ የማይቀያየሩና በቀላሉ የሚገኙ ሲሆኑ ነው። ታኅሣሥና ጥር ሲደርስ አብዛኛው ኮቴ ይደርቃል። የሚቀረው ከቦኖው ስር ያለው፣ ከሞተር ፓምፑ የሚፈሰው፣ ጭቃ የተቆፈረበትና ሐይቁ የለቀቀው ዳር ነው። ቢንቢዋ እስከ ቀጣዩ ክረምት የምትሰነብተው በእነዚህ ነው። በእኔ እምነት ዘመቻ መውጣት ያለብን ያኔ ነው። እኛ ግን ብዙውን ጊዜ የምንወጣው ሰው መታመም ከጀመረ በኋላ ነው።

ከቤት ስንጀምር ደግሞ ቅርቡ ይቅደም። አኖፌለስ አብዛኛውን ጊዜ ከተፈለፈለችበት ከአንድ እስከ ሦስት ኪሎ ሜትር በላይ አትርቅም። አጠገባችን ደም ካገኘች ደግሞ ምን አስኬዳት። በሳምንት አንድ ቀን፣ ቅዳሜ ጠዋት ቢሆን ይመቻል፣ ግቢውን ዞሮ የያዘውን ውሃ መድፋት፣ ማፋሰስ ወይም መድፈን። ሳምንት የተባለበት ምክንያት ከእንቁላል እስከ ክንፍ ያለው ጊዜ ብዙውን ጊዜ ከሳምንት ስለማያንስ ነው። በየሳምንቱ የሚደፋ ውሃ ውስጥ የገባች እጭ ሳትበርር ትቀራለች። የተቃጠለ ዘይት ኩሬ ላይ የሚያፈሱ አሉ። እጩ አየር የሚስበው ከላይ ነውና ዘይቱ ያፍነዋል፤ እውነት ነው። ግን ያ ዘይት በዝናብ ታጥቦ ጣና ይገባል። በአካፋ የሚደፈነውን በዘይት መመረዝ ልክ አይመስለኝም።

መፈተሽ የፈለገ ነጭ ሳህን ወይም ጭልፋ ይያዝ። ጥላው ውሃው ላይ እንዳያርፍ ፊቱን ወደ ፀሐይ አድርጎ ይቅረብ፤ እጮቹ ጥላ ካዩ ይሰምጣሉ። ከዳር በኩል ቀስ ብሎ ይቅዳ። ትንሽ ይታገስ። ጠፍጣፋ ሆነው የሚተኙ ካገኘ የወባ ቢንቢ ልጆች ናቸው።

እማማ ቤት ያደረግነው ይህንኑ ነው። ልጁ መድኃኒቱን ጨርሶ ቀና ካለ በኋላ እሱ ራሱ ጭልፋ ይዞ መጣ። አንድ ጊዜ ቀድቶ ዘጠኝ ቆጠረ። እማማ ጎንበስ ብለው ሳህኑን አዩት፣ ቀና ብለው ወደ ጣና አዩ፣ ከዚያ የሰፈሩን ወጣቶች ጠሩ። መንገዱ ላይ ለነበሩት ሁለት ጉድባዎች ስድስት የእጅ ጋሪ ገረጋንቲ በቃቸው።